የተደበቀችው ላም

ታናሽ ወንድሜ አራት ላም ስላለው ሰው የሆነ ይመስለዋል። ሰው መባል የሚገባቸውስ ላሞቹ ናቸው፤ እነሱ ቢያንስ ሲታመሙ አይዋሹም።

ዳለቻዋ ላም ያስወረዳት ጊዜ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ ስቦ አወጣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ራት ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያልበዋል፣ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። «ብርድ ነው» ይላል። በዚህ ሙቀት!

ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የምታጠና ዶክተር በየጋጣው እየዞረች ደም ትወስድ ነበር። ወንድሜም ግቢ መጣች፤ እኔም ለወሬ ሄጄ ቆምኩ።

«ጥሬ ወተት ትጠጣላችሁ?» አለችው።

«ኧረ በፍጹም፣ ዶክተር! እኛ እኮ የነቃን ሰዎች ነን!»

የወተቱ አረፋ ገና ጢሙ ላይ ነበር። ዶክተሯ አረፋውን አየችና መልሱን እንዳለ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ጨዋነት እንዲህ ሲበዛ ያንገበግበኛል።

«ያስወረዳት ላም ካለች አሳዩኝ። በሽታው ወደ ሰው ከገባ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው።»

«የለችም። ያሉኝ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ።

ሚስቱ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ግቢው ውስጥ አጣኋትና ወደ ቤት ገባሁ። ለሚወለደው ልጅ ብለው ቀለም በቀቡት ክፍል ውስጥ ዳለቻዋ ከአልጋው እግር ጋር ታስራለች። ሚስትየዋ ተንበርክካ ከላሟ የሚወርደውን ፈሳሽ በጨርቅ ትጠርጋለች። ጓንት የለ፣ ምን የለ።

«እትዬ፣ ቀስ በዪ፤ ዶክተሯ እስክትሄድ ነው ብሎኛል።»

«ሆድሽንስ አላሰብሽም?»

«እሱ ምንም አይደለም አለኝ።»

«እሱ! የገዛ ሸሚዙን አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው!»

ጨርቁን አስጥዬ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ ላክኋት። ገመዱን ፈትቼ ላሟን በሳሎኑ መሀል፣ ዳንቴል በለበሰው ሶፋ አጠገብ እየጎተትኩ አወጣኋት።

«እታለም! አዋረድሽኝ እኮ!» አለ ወንድሜ።

«አንተን ለማዋረድ መጀመሪያ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ጉልበት የለኝም።»

ዶክተሯ የላሟን ደም ወሰደች፣ ባልና ሚስቱንም ለምርመራ ላከቻቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውጤቱን ይዛ ተመልሳ መጣች። ላሟም ወንድሜም በሽታው ተገኘባቸው። ሚስትየዋ ለጊዜው ነፃ ናት፤ ግን ደግማ ትመረመራለች፣ ወደ ጋጣው ዝርም እንዳትል፣ ያልፈላ ወተት እንዳትቀምስ ተባለች።

ወንድሜ በትኩረት ሰማና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ወተት ለሚገዙኝ ደንበኞቼ ትናገሩብኛላችሁ?»

ስለ ልጁ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። የሚስቱን ልብስ በሻንጣ ከተትኩና እስክትወልድ እኔ ዘንድ እንድትሆን ይዣት ወጣሁ። እስከ በሩ ተከተለን።

«ታዲያ ላሞቹን ማን ሊያልብልኝ ነው?»

«አንተው እለባቸዋ! በሽታው እንደሆነ ይዞሃል፣ ከእንግዲህ ምን ያስፈራሃል?»