ዘጠኝ ጊዜ የተጫነ ዱቄት

ይማም ከወሎ መጥቶ መቀሌ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ጫኝና አውራጅ ሲባል ኖሯል፤ ስሙ ልክ የሆነለት ግን ሰሞኑን ነው። ጠዋት ቁሓ ካለው መጋዘን ዱቄት አውጥቶ መኪና ላይ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ዱቄት መልሶ ያወርዳል። መኪናው ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱ ግንባር ላሉት ነው፤ ወደ ግንባር የሚወስደው መንገድ በአንድ ድልድይ ያልፋል፤ ድልድዩን ጠዋት አንዱ ወገን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ይይዘዋል። መልእክተኛው ገብረተንሳኤ በሞተር ሳይክል እየበረረ መጥቶ “ተከፍቷል፣ ጫኑ” ይላል። ያው ሰውዬ ተመልሶ “ውጊያ ገብቷል፣ አውርዱ” ይላል። የተጫነ መኪና ሜዳ ላይ ካደረ ድሮን ያየዋላ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

ዱቄቱ ባይሄድም እያለቀ ነበር። ጆንያው በተነሳና በወደቀ ቁጥር ከስፌቱ ያፈሳል። ይማም ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ከትከሻው ሲያወርድ ቀስ አይልም። ሚስቱ ረሒማ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጥረጊያና ወንፊት ይዛ የግቢው በር ላይ ትጠብቃለች። ቤት ያሉት ሦስት ልጆች የሚቀምሱት ከአሸዋ የተነፋውን ያን ዱቄት ብቻ ነው።

“ኣንታ ይማም፣ ቀስ በል እንጂ” ትለዋለች የመጋዘኑ ኃላፊ ፍሬወይኒ። “ከወደይ፣ ከልጄ አፍ እኮ ነው የምታፈሰው።”

እውነቷን ነው። ልጇ ተስፋልደት ዱቄቱን ከሚጠብቀው ብርጌድ ጋር ከድልድዩ ማዶ ነው። ይማም “እሺ አደይ” ይላታል፤ ቀጣዩንም ጆንያ እንደዚያው ይጥለዋል። ያፍራል። ልጆቹ ግን በእሱ እፍረት አይጠግቡም። እሷም ብትቆጣ እንኳ ሴቶቹን አታባርርም፤ ጠርገው እስኪጨርሱ ፊቷን ታዞራለች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገብረተንሳኤ መጣና ሞተሩን አጠፋ። ሌላ ጊዜ አያጠፋም።

“አውርዱ” አለ። “ነገም አትጭኑም።”

“ማዶ ያሉትስ?” አለች ፍሬወይኒ።

“ማዶ የቀረ የለም፣ አደይ።”

“ወጥተው ነው?”

“ጥቂቶቹ ወጥተዋል።” መሬት መሬት አየ። “ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። ተስፋልደት አልነበረም።”

ፍሬወይኒ የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ይማም የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸከመ። ዛሬ ግን ሊጥለው ትከሻው እምቢ አለው። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው መሬት አስቀመጠው። ቁንጣሪ አልፈሰሰም። ረሒማ በሩ ላይ ወንፊቷን እንደያዘች ታየዋለች። ሁለተኛውንም እንደዚያው አወረደ። ሦስተኛውንም።

አራተኛው ላይ ፍሬወይኒ ተነስታ መጣች።

“ምንድነው የምትሠራው?”

“ቀስ እያልኩ ነው፣ አደይ።”

“ለማን ብለህ ነው ቀስ የምትለው?” አለችው፤ ድምፅዋ ደክሟል። “ጣለው በቃ። ልጆችህ ይብሉ።”

ይማም አልቻለም። ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ አለቀሰ። ከትከሻው ላይ ገፍታ የጣለችው እሷ ናት።