የቀለበቱ ኬክ አቆራረጥ

ብስራት የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ ለራሱ ቀለበትም ሜትሩን ይዞ መጣ። ምን ያድርግ! ባለፈው የመዘምራን ግብዣ ላይ ኬኩ ፊት ለተቀመጡት ጡብ ጡብ እያከለ፣ ከኋላ ላሉት ፍርፋሪ ብቻ ደርሶ፣ ጉባኤው በኬክ ሊጣላ ትንሽ ነበር የቀረው። የእጮኛው የዶርቃ እናት እትዬ ሒሩት ያን ቀን ከኋላ ነበሩ። "ልጄን የምድረው ሰው ሳያጣላ ማካፈል ለሚችል ነው" አሉ። እሳቸው ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም።

ስለዚህ ሙኑኪ ሰፈር፣ እትዬ ሒሩት በተከራዩት ግቢ በተተከለው ድንኳን፣ እንግዳው ሁሉ እያየው ኬኩን ለካ። ርዝመቱ ዘጠና ስድስት ሳንቲም፣ ወርዱ ሰባ ሁለት። ክሬሙ በሙቀቱ መውረድ ጀምሯል፤ ብስራት ግን አንዲት ፍርፋሪ ሳትተርፍ እኩል እኩል ካሬ አድርጌ ካልቆረጥኩ ብሏል።

"የምንፈልገው ትልቁን የጋራ አካፋይ ነው" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ከዘጠና ስድስት ላይ ሰባ ሁለት ሲነሳ ሃያ አራት ይቀራል። ሃያ አራት ደግሞ ሰባ ሁለት ውስጥ ልክ ሦስቴ ይገባል። ካላስ፣ አለቀ!"

ፓስተር በቀለ ምንም ሳይገባቸው "አሜን" አሉ።

ቆረጠ። አቤት አቆራረጥ! ጎኑ ሁሉ በውኃ ልክ የተለካ ይመስል ነበር። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእትዬ ሒሩት ሲያቀርብ ሳህኑ ከሥሩ ጠፋ፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

"ይሄ ሁሉ ለኔ ብቻ ነው?"

"አዎ እትዬ፣ ለሁሉም እኩል ነው።"

"ለየትኛው ሁሉም?"

ብስራት ዞር ብሎ አየ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ቁራጭ ቀርቷል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ከአርባ ይበልጣል። ጉድ ፈላ! ትልቁን ሲፈልግ ሰው መቁጠሩን ረስቶታል። ዶርቃ ከእጁ ልታመልጥ እንደሆነ ታወቀው።

ዶርቃ ከወንበሯ ተነስታ ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች።

"ብስሬ፣ ትልቁ ልክ ከገባ ግማሹም ልክ ይገባል" አለችው በሹክሹክታ። የእናቷን ሳህን መልሳ እያንዳንዱን ቁራጭ በቁመትም በወርድም ለሁለት ከፈለችው። አሥራ ሁለቱ አርባ ስምንት ሆኑ። ሁሉም እኩል ደረሰው፤ ለፓስተር በቀለ እንዲያውም ሁለተኛ ዙር ተረፈ።

እትዬ ሒሩት ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

"ሰጥተናል" አሉ በመጨረሻ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ ሜትሩን አንተ ያዝ፣ ቢላዋውን እሷ ትያዝ።"

ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ብስራት ደስታው ልክ አጣና ሜትሩን ከነክሬሙ የአዲሱ ሱፍ ኪስ ውስጥ ከተተው።