አፏ ሙሉ ልጅ

ተከፍተዋል አፎች... በሐይቁ ፊት ላይ፣ እንደ ሳንቲም ክብ፣ እንደ ሳንቲም ብዙ።

ነፋስ የለም።

ገና ሳይነጋ ለብ ብሏል የዝዋይ ውሃ፣ የእግር መታጠቢያ ይመስል። ሸምበቆው አይነቃነቅ፣ ሞገድ የለ፣ አረፋ የለ። ታፍኗል ከሥር ያለው ውሃ። ስለዚህ ወጥተዋል ቆሮሶዎቹ ዓሦች፣ ከላይ ያለችውን፣ ትንሽ አየር የቀረባትን ስስ ውሃ ሊምጉ...

ነፋስ የለም።

ብርቄ ከአባቷ ከሽብሩ ጋር ጀልባዋ ላይ ናት። ስድስት ቀን ባዶውን ወጣ የአባቷ መረብ። ስድስት ቀን ሽሮ በሉ። ስድስት ቀን አሾፈችበት፤ ሌላ ሰው ቢያሾፍበት ግን ትናከሳለች።

ዛሬ ዓሣው በእጅ የሚታፈስ ሆኗል።

«እግዜር ሰጠን» አለ አባቷ፣ መረቡን እየፈታ።

«ትንፋሽ አጥሯቸው እኮ ነው፣ አባዬ። በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ኪስ የሚፈትሽ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አፍሽን ሰብስቢ፣ አንቺ ልጅ።»

ሰበሰበች። ያኔ አየቻት... ጉንጯ ያበጠ አንዲት ቆሮሶ። ከፈተች አፏን፣ ፈሰሱ ልጆቿ፣ እንደ ጤፍ። ለቀመቻቸው፣ ዘጋች አፏን፣ ትንፋሽ አጠራት። ከፈተች... ለቀመች... ከፈተች...

ምላሰኛዋ ብርቄ በጣቷ ብቻ አሳየችው።

አየ ሽብሩ። ቆይቶ አየ።

«አፏ ሙሉ ልጅ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

መረቡን መልሶ ጠቀለለ። ውሃ እየመታ ዓሣ ወደ መረብ የሚነዳበትን ረጅም ዱላ አነሳና መታ። ጧ... ነጭ አረፋ፣ አየር የያዘ። እሷም በመቅዘፊያዋ መታች። ጧ...

ነፋስ የለም፤ መቱ። ፀሐይ ወጣች፤ መቱ። ክንዳቸው ዛለ፤ መቱ።

ከወዲያኛው ጀልባ ጎረቤታቸው ጋሽ ቱፋ አያቸው።

«ሽብሩ፣ መረብ ሳትጥል ወዴት ነው የምትነዳው?»

«ምን ላድርግ፣ አለቃዬ አዛኛለች።»

«ነፋስ ሆንኩ በለኛ» አለ ቱፋ፣ እየሳቀ።

ረፋዱ ላይ አንድ ሸምበቆ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም...

ነፋስ መጣ።

አንድ በአንድ ጠለቁ አፎቹ። መጨረሻ የሄደችው ጉንጫሟ ናት፣ አፏን ገጥማ።

እንግዲህ ሰባተኛ ቀን ሽሮ።

ተከፍቷል አፍ... አንድ ብቻ፣ እንደ ሳንቲም ክብ። ደክሞት እንቅልፍ ጥሎታል ሽብሩን፣ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ እንደተደገፈ።

ነፋስ አለ። ቢኖርም፣ ብርቄ በሻሿ ጫፍ ታራግብለታለች።