ምሳ ያልበላ አለ?

ከምሳ እረፍት በኋላ ሠራተኛው ወደ መወጣጫው ከመመለሱ በፊት ሰብስቤ ስለ ሄልሜትና ስለ ቀበቶ እናገራለሁ። የግንባታው የደህንነት ባለሙያ ነኝ፤ እነሱ «ሴፍቲ» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ምሳ ያልበላ እንዳለ እጠይቃለሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በልተናል ይላል። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ አንድም ሰው እጁን አላወጣም። ደብረ ማርቆስ እንዲህ ምሳውን የማያጓድል ሕዝብ እንዳላት አላውቅም ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን ጾሙን ያወራ ዋጋውን ከሰው ተቀበለ ይባላል፤ እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው። ስለዚህ ሲዋሹኝ አልቀየማቸውም፤ እፈራላቸዋለሁ እንጂ። ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ የምታቀብለው ሥራነሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባልዲዋን እንደያዘች ቁጭ አለች። ፀሐዩ ነው አለችኝ።

መሐንዲሱን ይታያልን እስከ ፋሲካ ድረስ ከሰዓት በኋላ ከፍታ ላይ ሥራ ይቁም ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የተቋራጩ ስልክ ከጆሮው አይወርድም። በልተናል ካሉ በልተዋል አለኝ፤ ሆዳቸውን ከፍተሽ ልታዪ ነው?

ያን ረቡዕ ዓይኔ ከአያ ባዘዘው ላይ አልነቀል አለ። ሮብ ገበያ ከምትባለው ገጠር የመጡ ናቸው፤ በልስን እጃቸውን የሚያህል የለም። በምሳ ሰዓት ከአሸዋው ክምር ኋላ ተቀምጠው የዳቦ ቋጠሯቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ ሳይፈቱ መልሰው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ስጠይቃቸው በልቻለሁ ብለው አራተኛ ፎቅ ወጡ።

እታች ቆሜ ቀና ብዬ ስመለከት አንገቴ ደነዘዘ። ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የቀበቶውን መንጠቆ ከገመዱ አላቅቀው እንደገና ማሰር አለባቸው። አላቀቁት። ከዚያ መንጠቆውን በእጃቸው እንደያዙ የመወጣጫውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ብጮህ ይደነግጣሉ። ሰው ሰብስቤ ባስወርዳቸው ጾማቸውን አደባባይ አወጣሁባቸው ማለት ነው፤ ነገ ከእኔ ተደብቀው ይወጣሉ። ያኔ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«አያ ባዘዘው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ግን እንደ ምንም አለስልሼ፣ «እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው፤ ራሴን አዞረኝ። መንጠቆውን አስረው ቀስ ብለው ይውረዱልኝ።»

በጾም ቀን፣ ሽሮዬን ጥግብ ብዬ በልቼ እንዲህ ዋሸሁ። አያ ባዘዘው ዓይናቸውን ገለጡ። መንጠቆውን አሰሩ። ከዚያ በባዶ ሆድ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል፣ የሚያስብልሽ ሰውስ የለም ወይ እያሉ እየተቆጡኝ መሰላሉን ይወርዱ ጀመር። ቁጣቸው ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ድምፃቸው ይሰማኛል። የመጨረሻው እርከን ላይ ግን እጃቸው መሰላሉን ለቀቀ። ዘልዬ አቀፍኳቸውና አብረን አሸዋው ላይ ወደቅን።

ሥራነሽ ውኃ ይዛ መጣች፤ ዘጠኝ አልሞላም ብለው በእጃቸው መለሱት። ይታያል ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ሁሉንም አይቷል፤ ስልኩ እጁ ላይ ይጮሃል፣ አላነሳውም። እኔ አለቀስኩ።

«ለማንም አትንገሪ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልናገርም። ግን ከላይ ቢወድቁ ኖሮ ለልጆችዎ ምን እላቸው ነበር?»

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ከአሸዋው ክምር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ይታያል በመሃል መጥቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ምድር ቤት ይሥራ ብሎ ሄደ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ አመሰገንኩት በልቤ።

ሰዓቱ ሲደርስ አያ ባዘዘው ቋጠሯቸውን አስመጥተው ፈቱ። ዳቦውን ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ዘረጉልኝ። ነገሩ ከነከነኝና እውነቱን ነገርኳቸው።

«አያ፣ እኔ በልቻለሁ።»

«እሱን ለይታያል ንገሪው» አሉ፣ በደረቀው ከንፈራቸው ፈገግ ብለው። «እኔም ስትጠይቂኝ እንደዚያ ነው የምለው።»

ሆዴ ሞልቶ ነበር። እሳቸው ግን እኔ ሳልቀምስ አይቀምሱም፤ ተቀብዬ በላሁ።