የፕሪንተሩ ተራ

የኦቦ ጉሉማ ይግባኝ ስክሪኑ ላይ ተራውን ይዞ ብቅ ሲል አዜብ አስቆመችው።

ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የዘይነዲን የጽሕፈትና ኮፒ ሱቅ ፕሪንተሩ አንድ ነው፤ የተያያዘውም ከአዜብ ኮምፒውተር ጋር ነው። ሀዋኒ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የምትልከው ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይሰለፋል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ አዜብ ካልነካችው በቀር።

ኦቦ ጉሉማ የሲናና ገበሬ ናቸው። የመሬት ክርክራቸውን ከጅምሩ የጻፈችላቸው አዜብ ነበረች። ኦሮምኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ስትጽፍ ግን ፊደል ትገድፋለች። ዛሬ ሽማግሌው «አካም ጅርቱ» ብለው ሁለቱንም ሰላም አሉና አልፈዋት አዲሷ ልጅ፣ ሀዋኒ ዘንድ ተቀመጡ። ሲያወሩ ሳቁ። ከአዜብ ጋር ስቀው አያውቁም።

«አልወጣም እንዴ?» አለች ሀዋኒ። ደግማ ላከችው። አሁንም ደገመች። በአዜብ ስክሪን ላይ ያው ማመልከቻ ተደራረበ።

«ልጄ፣ ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ። የይግባኙ ቀን ዛሬ ያልቃል» አሉ ኦቦ ጉሉማ።

ዘይነዲን ከጓዳ ወጣ። «ሀዋኒ! ምን አበላሸሽ? መሬታቸውን ልታሳጫቸው ነው?»

አዜብ ሰሞኑን በሀዋኒ ላይ እንዲወርድ ስትመኘው የከረመችው ቁጣ ነበር። ግን ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሥተው ወደ ፕሪንተሩ አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየች። ድርብርቡን ሰረዘችና አንዱን ለቀቀችው። ዞር ስትል ሀዋኒ ከጀርባዋ ቆማ ስክሪኑን ታያለች። ሁሉንም አይታለች።

ወረቀቱ ወጣ። ኦቦ ጉሉማ በትኩሱ ተቀብለው «ገለቶሚ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለው ሀዋኒን አመስግነው መረቁና ባጃጅ ለመያዝ ተጣደፉ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ዘይነዲን።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች ሀዋኒ ቶሎ ብላ። «ደጋግሜ ልኬ አጨናነቅሁት።»

የአዜብ ፊት ጋለ። ሀዋኒ ደንበኛዋን ወስዳለች፣ ሳቁንና ምርቃቱን ወስዳለች፤ አሁን ደግሞ ደግነቱም የእሷ ሊሆን ነው። ይህን እንኳ አልተውላትም አለች በልቧ።

«ውሸቷን ነው፣ ጋሽ ዘይነዲን» አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»