ሚስማር የሌለው መስኮት

የቤታችን ደረጃ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አልጋውም ቁም ሣጥኑም ላይኛው ክፍል የገባው በፊት ለፊቱ ትልቅ መስኮት ነው። ቤቱን የሠራው አያታችን ይህን አስቦ መስኮቱን ያለ አንድ ሚስማር፣ በእንጨት ሽብልቅ ብቻ ገጠመው። ሽብልቁ ሲነቀል ይፈታል፤ ተመልሶ ሲመታ ይገጥማል። ላይ የሞተም የሚወጣው በዚያው ነበር። አያቴም እናቴም በገመድ ቀስ ተደርገው፣ እንደተኙ ወረዱ።

ታዲያ ቤቱ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ያስመዘገበው ማን መሰላችሁ? የገዛ ወንድሜ! የቅርስ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነው። ሰፈሩ «አትንኩ» ይለዋል፣ እኔም እለው ነበር፤ ግድግዳ ሊቀባ ብሩሽ ያነሳ ሁሉ ከኋላው «አትንኩ!» ይባላልና። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ አንዲት ሚስማር መትታ ተቀጥታለች።

አባዬ ታሞ ላይኛው ክፍል ተኛ። እራት አብረነው ስንበላ፣ «እኔንም ስሞት በመስኮቱ አውርዱኝ፤ በደረጃው አቁማችሁ እንደ ጆንያ እንዳታንገላቱኝ» አለን።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አባዬ፣ ሽብልቁን ለመንቀል የኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጠይቄ ነበር። አልፈቀዱም።»

«የትም አገር እንዲህ ነው?» አለ አባዬ።

ወንድሜ ለሥልጠና ያልዞረበት አገር የለም። አንዱ አገር የቤቱን ፊት ብቻ ይጠብቃል፣ ውስጡ የባለቤቱ ነው አለ። ሌላው ጋ የበር ቀለም እንኳ ሳይጠየቅ አይቀየርም። «አንድ አገር ደግሞ የእንጨት መቅደሳቸውን በየጊዜው አፍርሰው በአዲስ እንጨት ይሠሩታል። ለእነሱ ቅርሱ አሠራሩ ነው።»

«ይኸው! እኛስ ምን አልን?» አባዬ ሳቀና ሳሉ አነቀው።

እኔ አልሳቅሁም። «ነቅለህ መልሰዋ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ልብስ ሰፊዋን በአንድ ሚስማር ቀጥቼ፣ እኔ ስነቅል ምን እላታለሁ?» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተናደድኩ፤ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ ባሰብኝ።

ጠዋት አባዬ ጠራን። «ልጄ በእኔ ምክንያት አንገቱን አይደፋም። ነፍሴ ሳትወጣ ታች አውርዱኝ።»

«አፈር ስሆን አባዬ፣ ሐኪሙ አትንቀሳቀስ ብሎሃል እኮ!»

«ተይው፣ እሱም እንደ ወንድምሽ አትንኩ ባይ ነው።»

ወንድሜ አዘለው። እኔ ከፊት ከፊታቸው ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ አባዬ የሚወድቅ መስሎት ግድግዳውን ጨበጠ፤ አራት ጣቶቹ የኖራውን ልስን ፍቀው ወረዱ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ቅርስህን ጫርኩብህ» አለ።

ቀና ብዬ ወንድሜን ሳየው እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ አባቱን ይዟልና ሊጠርገው አልቻለም።

አባዬ በሩ አጠገብ ባነጠፍንለት አልጋ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። እንደተኛ፣ በበሩ ወጣ። መስኮቱን ማንም አልነካውም።

ከቀብሩ በኋላ የወንድሜ አለቃ ቤቱን ለመቆጣጠር መጡ። እግዜር ያጽናችሁ ብለውን ደረጃውን ወጡ፤ መታጠፊያው ላይ ቆም አሉ።

«ይኼ ጭረት አዲስ ነው» አሉ። «በኖራ ይደፈንና እንደ ነበረ ይመለስ።»

ወንድሜ ተሹለክልኮ በእሳቸውና በግድግዳው መካከል ገባ። እዚያ ጥበት ውስጥ ደረት ለደረት ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸው።

«እንደ ነበረ?» አለ። «አባቴስ እንደ ነበረ ይመለሳል?»

እጁን ወደ ኋላ ልኮ መዳፉን ጭረቱ ላይ አደረገ።

«ይኼን አትንኩ፣ ጌታዬ። እባክዎ፣ ይኼን አትንኩ።»

አለቃው ዞረው ደረጃውን ወረዱ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሜን «አትንኩ» ብዬ ጠርቼው አላውቅም።