ሒሳቡን ለእናትሽ ንገሪያት

«መምህር እኔንም አስተምረውኛል እኮ» አሉ እትዬ አበባ፣ ገና ከድንኳኑ ደጃፍ። ለቀስተኛው ዞሮ አያቸው። ሴትዮዋ ፊደል እንዳልቆጠሩ የዳባት ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው የትናየት ቀና አለች። አባቷ መምህር ገዱ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፤ አንጀቷን የሚበላት ግን አባቷ ሳይታረቋት መሞታቸው ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ነበር የሚያስተምሩት፤ እሳቸው ሒሳብ፣ እሷ እንግሊዝኛ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ቋንቋውን ገና እየዳሁበት ነው። መምህር ገዱ ታዲያ ጥያቄውን ያስጽፉና «ሂጂና ለእናትሽ በአማርኛ ንገሪያት፤ እሷ ከገባት አንቺም ገብቶሻል» ይላሉ። እናትየው የጠየቀችው ነገር ካለ በነጋታው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የትናየት ችላ ችላ አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ ፈነዳች።

«መምህር ገዱ ልጆቹን እያበላሿቸው ነው! ፈተናው በአማርኛ አይመጣላቸው!»

አባትየው ተነሥተው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሯትም። ከዚያ በድንገት ልባቸው ቆመ።

«ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስጦታ ከመምህር የበግ ሒሳብ ይዛ መጣች» እያሉ ነው እትዬ አበባ። «ስልሳ አራት በግ በየዓመቱ በሩብ ቢጨምር፣ በሁለት ዓመት ስንት ይሆናል? መቶ ነው አለችኝ። ‹ጅብ የሚበላውስ የት ገባ?› አልኳታ!»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያላቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ይሄንንስ ዐውቀዋለሁ፣ እትዬ» አለች የትናየት።

«የማታውቂውን ልንገርሽ እንጂ። ሰሞኑን መምህር አንድ ነገር ጨምረው ነበር። በአማርኛ ከነገረችኝ በኋላ መልሳ በእንግሊዝኛ ትለዋለች፤ እኔ እስክትጨርስ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ‹መምህር፣ በማይገባኝ ቋንቋ ለምን ያደክሙኛል?› ብላቸው፣ ‹ልጄ ገሠጸችኝ፤ እውነቷን ነው። ልጆቹን ግማሽ መንገድ አድርሼ ነበር የምተዋቸው› አሉኝ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሳምንት፣ ገበያ ላይ።»

«ተቆጥቶብኝ ነበር?»

«ኧረ ምን ተቆጥተው! አፍረው እንጂ። ‹በምን አፌ ልንገራት› ነው ያሉኝ። ኩራታቸውን መቼም ታውቂዋለሽ።»

«አባዬ!» አለች የትናየት፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። ቅር ቅር ሲላት የሰነበተው ነገር ለቀቃት፤ በምትኩ ናፍቆቱ መጣ።

ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ፣ የሥጋ ዘመድ በሚቀመጥበት በጎኗ፣ ለእትዬ አበባ ቦታ ለቀቀች። ሴትዮዋ ሲቀመጡ ጋቢዋን ዘርግታ ጉልበታቸውን ከራሷ ጉልበት ጋር አብራ ሸፈነች።